«አለሁ»፦ ስለ ኦን ካዋራ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የኦን ካዋራን ሥዕል ለሰው ባሳየሁ ቁጥር የሚገጥመኝ ያው ነው። መጀመሪያ ዝምታ። ቀጥሎ «ይሄ ነው በቃ?» ከዚያ ጥያቄው ይዥጎደጎዳል። ጥያቄዎቹ ስለሚመሳሰሉ ሰብስቤ እዚህ አስቀመጥኳቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።

ኦን ካዋራ ማን ነው?

በ1932 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ካሪያ በምትባል ከተማ የተወለደ ሠዓሊ ነው። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ኑሮውን ኒውዮርክ አደረገ፤ በ2014 ያረፈውም እዚያው ነው። ስሙ የሚነሳው «ዛሬ» ብሎ በሰየማቸው ሥዕሎች ነው። ከ1966 እስከ 2013 ድረስ ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጉ ሠርቷል። እያንዳንዳቸው ላይ ያለው ሥዕሉ የተሠራበት ቀን ነው። ወር፣ ቀን፣ ዓመት። ሰው የለም፣ ዛፍ የለም፣ ከፊት ለፊት ፊርማ እንኳ የለም።

ሥዕሉ ላይ በትክክል ምን ይታያል?

አንድ ወጥ ቀለም የተቀባ ሸራ አስቡ። ብዙ ጊዜ ወደ ጥቁር የተጠጋ ግራጫ ነው፤ አንዳንዴ ቀይ፣ አንዳንዴ ሰማያዊ። መሐሉ ላይ ቀኑ በነጭ ተጽፏል። የመጀመሪያው ጃንዋሪ 4 ቀን 1966 ይላል፤ በኛ ታኅሣሥ 26 ቀን 1958 መሆኑ ነው። ሸራዎቹ ሁሉ ወደ ጎን የተኙ ናቸው። መጠናቸው ስምንት ዓይነት ነው። ትንሹ 20 በ25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከደብተር ብዙም አይበልጥም። ትልቁ 155 በ226 ገደማ ነው፤ እሱ ግድግዳ ይይዛል።

በፎቶ ስታዩት የታተመ ይመስላችኋል። ሰው ሁሉ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። በእጅ፣ በብሩሽ የተሠራ ነው። የሸራው ጎንና ጎንም ተቀብቷል፤ ስለዚህ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ከወረቀት ይልቅ እንደ አንድ ውፍረት ያለው ዕቃ ወጣ ብሎ ይታያል።

እንዴት ነበር የሚሠራው?

ትንሽ ልቆይበት፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነው።

ቀለሙን በየጊዜው እንደ አዲስ ይደባልቃል። ስለዚህ ሁለት ግራጫዎች ጎን ለጎን ሲሰቀሉ አንዱ ወደ ቡኒ፣ ሌላው ወደ አረንጓዴ ያደላ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሸራውን አራት አምስት ጊዜ ይቀባዋል። አንዱ ንብብር ሲደርቅ ላዩን ይፈገፍገዋል፤ ከዚያ ሌላውን ይደርባል። ላዩ እንደ ብርጭቆ ባይሆንም የብሩሽ መንገድ አይታይበትም። ከዚያ በማስመሪያ ይለካና ፊደሎቹንና ቁጥሮቹን ይነድፋል። ቀጥሎ በቀጭን ብሩሽ ነጩን ይሞላል። ነጭ ቀለም ጥቁር ላይ በአንድ ጊዜ አይሸፍንም፤ ስለዚህ እሱም ደጋግሞ ይደረባል። ስቴንስል፣ ማለት ፊደል ተቀዶ የወጣበት ካርቶን፣ አይጠቀምም። ማኅተም የለም። ዓይንና እጅ ብቻ።

ሲጨርስ ደግሞ ይመዘግበዋል። በየዓመቱ የሚይዘው መዝገብ አለው። እዚያ ላይ ሥዕሉ በዚያ ዓመት ስንተኛ እንደሆነ፣ የት እንደተሠራ ይጽፋል፤ ከቀለሙም ትንሽ ናሙና ይለጥፋል። ከዚህ ሌላ የመቶ ዓመት ቀን በአንድ ገጽ የያዘ የቀን መቁጠሪያ ነበረው። የኖረበት ቀን ሁሉ ላይ ቢጫ ነጥብ ያደርጋል። ሥዕል የሠራበት ቀን ከሆነ አረንጓዴ። ከአንድ በላይ ከሠራ ቀይ።

በዕለቱ ካላለቀስ?

ያጠፋዋል። ሕጉ ይኸው ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን ቀኑ ተለወጠ፤ ያላለቀው ሥዕል ደግሞ ከዚያ በኋላ ውሸት ይሆናል። «ዛሬ» ሊል አይችልም። ለነገ ማሳደር፣ በማግስቱ ጠርዙን ማስተካከል የሚባል ነገር የለም። 47 ዓመት ሙሉ ከዚህ ፍንክች አላለም።

ይሄ እኮ የታፔላ ጸሐፊ ሥራ ነው! እኔም እሠራዋለሁ።

ከሁሉ በላይ የሚመጣው ጥያቄ ይኸው ነው። ጥያቄም አይደለም፣ ቅሬታ ነው። እኔም ብዬው ነበር። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ሞከርኩት።

ትንሹን መጠን መረጥኩ። ቀኑ ታኅሣሥ 12 ነበር። በአማርኛ ልጻፈው ብዬ ስነሳ አልተጠራጠርኩም፤ በኋላ ነው ያማረረኝ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ግራጫውን ቀባሁ። አልደርቅ አለ። ሁለተኛውን ስቀባ የመጀመሪያው ከሥር ተነሳ። በፀጉር ማድረቂያ ስነፋው አቧራ ገባበት፤ ፈግፍጌ እንደገና ቀባሁ። እርሳስ የያዝኩት ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ነው። «ታ» ቀላል ናት። «ኅ» ላይ እጄ ተንቀጠቀጠ። «ሣ» እና «ሥ» ተከታትለው ሲመጡ የሁለቱን ኩርባ እኩል ማድረግ አቃተኝ። አንዷን ሳስተካክል ሌላዋ ትወፍራለች። ዳር ዳሩን በፕላስተር ሸፍኜ ልገላገል ብዬ ፕላስተሩን አነሳሁ። ከዚያ አፍሬ መለስኩት። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ቁጥሮቹን አልጀመርኩም ነበር። 6 ሰዓት ሲሞላ ግድግዳው ጋ የቆመው ሸራ «ታኅሣሥ 1» ይላል። ሁለት ቁጥሯ የእርሳስ መስመር ብቻ ነበረች።

ታዲያ ታፔላ ጸሐፊ ከኔ በተሻለ ይሠራዋል፤ ይሄ እውነት ነው። ካዋራም የእጅ ጥበብ ውድድር ላይ አልነበረም። ግን ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። ቅዳሜዬን ሰጥቼዋለሁ። ገበያ አልሄድኩም፣ ስልክ አላነሳሁም፣ ምሳ በልቼ ይሁን ሳልበላ አላስታውስም። ሥዕሉ ላይ ያለው ቀን የተከፈለበት ዋጋ ነው። እሱ ይህን ወደ ሦስት ሺህ ጊዜ ከፍሏል።

በየቀኑ ይሥል ነበር እንዴ?

አይደለም። ብዙ ሰው እንዲያ ይመስለዋል። ሒሳቡን ካሰላችሁት በአማካይ ከስድስት ቀን አንዱ ላይ ነው የሚደርሰው። አንዳንድ ቀን ሁለት፣ ሦስትም ይሠራ ነበር። አንዳንዴ ሳምንታት ያልፋሉ። በ1970 መጀመሪያ ላይ ግን በየቀኑ እየሠራ ሦስት ወር አለፈው፤ ከዚያ ጊዜ 97 ሥዕሎች አሉ። ያንን ሳስብ ትከሻዬን ያመኛል።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ለሥዕሎቹ በልካቸው የካርቶን ሳጥን ይሠራ ነበር። ሳጥኑንም ራሱ ነው የሚሠራው። ብዙ ጊዜ ውስጡን ሥዕሉ በተሠራበት ከተማ በዚያ ቀን በወጣ ጋዜጣ ቁራጭ ይሸፍነዋል። ሸራው ላይ ቀን ብቻ፤ ሳጥኑ ውስጥ ዓለም። ጦርነት፣ ምርጫ፣ የአውሮፕላን አደጋ፣ የፊልም ማስታወቂያ። ሥዕሉ ሲሰቀል ሳጥኑ ብዙውን ጊዜ አይታይም፤ ስለዚህ ተመልካቹ ቀኑን ራሱ ይሞላዋል። ልደትህ ቢሆንስ? እናትህ የሞተችበት ቀን ቢሆንስ? በአንድ ቀን ፊት የቆሙ ሁለት ሰዎች አንድ ሥዕል እያዩ አይደለም።

መጀመሪያ አካባቢ ንዑስ ርዕስም ይሰጣቸው ነበር። አንዳንዱ ከጋዜጣ የተወሰደ ነው፣ አንዳንዱ የራሱ። በጃንዋሪ 18 ቀን 1966 ሥዕል ሥር «ይህን ሥዕል እየሣልኩ ነው» ብሏል። በሜይ 29 ደግሞ «የ‹ዛሬ› ሥዕሎቼን እፈራቸዋለሁ» ብሎ ጽፏል። ከጀመረ አምስት ወር አልሞላውም ነበር። በምን ውስጥ እንደገባ የገባው ያኔ ይመስለኛል። ቆይቶ ንዑስ ርዕሱን የሳምንቱ ቀን ስም ብቻ አደረገው። ሰኞ። ማክሰኞ።

በየትኛው ቋንቋ ነው የሚጽፈው? በአማርኛ የጻፈው አለ?

በሚገኝበት አገር ቋንቋና አጻጻፍ ነው። አሜሪካ ከሆነ ወሩ ይቀድማል፤ ሜክሲኮ ወይም ጀርመን ከሆነ ቀኑ ይቀድማል፣ የወሩም ስም ያገሩ ይሆናል። በሕይወቱ ከ100 በላይ ከተሞች ውስጥ ሠርቷል። የላቲን ፊደል የማይጠቀም አገር ከገባ ግን በኤስፔራንቶ ይጽፋል፤ በ1887 በታተመ መጽሐፍ ለዓለም የቀረበው፣ ማንም ሕዝብ የኔ ነው የማይለው ሰው ሠራሽ ቋንቋ ማለት ነው። የራሱ አገር ጃፓን ሲገባ እንኳ በኤስፔራንቶ ነው የጻፈው።

ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ቢሥል ኖሮ በሕጉ መሠረት ፊደላችንን አናይም ነበር። ትንሽ ቅር ይለኛል፣ አልዋሽም። ግን ከፊደሉ በላይ የሚያሳስበኝ ቀኑ ነው። ግድግዳችን ላይ የሚሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ሁለት ቁጥር አለው፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። ዛሬ ስንት ነው ተብሎ ሲጠየቅ «በኛ ነው በፈረንጅ?» ብሎ መልሶ የሚጠይቅ ሕዝብ ነን። ጳጉሜን የሚባል ወር ያለው ሰው በአንድ ቀን ብቻ የሚምል ሥዕል ፊት ሲቆም «የማን ዛሬ?» ማለቱ አይቀርም። ካዋራ ይህን ጥያቄ ቢሰማ ዝም ይል ነበር ብዬ አስባለሁ። ለሁሉም ጥያቄ መልሱ ያው ነበር።

ከ«ዛሬ» በፊት ምን ይሠራ ነበር?

ፈጽሞ ሌላ ሰው ነበር ቢባል ያስኬዳል። ሂሮሺማና ናጋሳኪ ላይ ቦምቡ ሲወድቅ የ12 ዓመት ልጅ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ወደ ቶኪዮ ሄዶ በ1953 እና 54 «መታጠቢያ ቤት» የሚባሉ የእርሳስ ንድፎችን ሠራ። ንጣፍ በተለበጠ ጠባብ ክፍል ውስጥ የተቆራረጡ አካላት፣ ወለሉ ያዘነበለ፣ መውጫ የሌለው። አንዴ ያያቸው አይረሳቸውም። ከጦርነት የወጣ አገር ቅዠት ነው። ወጣቱ ሠዓሊ በነዚህ ስም አገኘ። ቀጥሎ በማተሚያ ማሽን የሚባዙ ሥዕሎች ሞከረ፤ ብዙ ሰው እጅ የሚገባ ሥራ ፈልጎ ነበር።

በ1959 ጃፓንን ለቆ አባቱ ወደሚሠሩበት ወደ ሜክሲኮ ሄደ። ከዚያ በፓሪስና በኒውዮርክ መካከል ሲመላለስ ቆየ። በ1963 ስፔን ውስጥ የአልታሚራን ዋሻ አይቷል፤ ሰው ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ድንጋይ ላይ ሥሎ ያለፈበት ቦታ።

በ1965 ፊደል ሸራው ላይ ገባ። ከዚያ ዓመት ሦስት ክፍል ያለው አንድ ሥዕል አለ፤ ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የሥዕል ቤተ መዘክር ይታያል። በደማቅ ሮዛማ ቀይ ላይ በነጭ «አንድ ነገር»፣ «1965»፣ «ቬትናም» ይላል። መሐል ላይ ያለችውን ዓመት ልብ በሉ። በቀጣዩ ጃንዋሪ «አንድ ነገር»ም «ቬትናም»ም ወደቁና ዓመቱ ከነወሩና ከነቀኑ ቀረ። የተቆራረጠውን አካል የሣለው እጅና ቀን የጻፈው እጅ አንድ መሆኑን ሳስብ፣ ያ ባዶ ግራጫ ሸራ ባዶ አይመስለኝም። ይሄ የኔ አነባበብ ነው፤ እሱ አላለውም።

ፖስትካርዶቹስ?

ከ1968 እስከ 1979 ድረስ በየቀኑ ለሁለት ሰዎች ፖስትካርድ ይልክ ነበር። ጽሑፉ በማኅተም የተመታ ነው። «እንዲህ ሰዓት ላይ ተነሳሁ» ይላል፤ ቀኑ፣ ስሙ፣ ያረፈበት አድራሻ፣ የተቀባዩ ስም። ሰላምታ የለም፣ ናፍቆት የለም። ካርዱ ፊት ላይ የከተማው ፎቶ አለ፤ ማንኛውም አገር ጎብኚ የሚገዛው ዓይነት።

በዚያው ጊዜ ሁለት ሌሎች መዝገቦችም ይዞ ነበር። አንዱ በዕለቱ ያገኛቸውን ሰዎች ስም ይዘረዝራል። ሌላው የሄደበትን መንገድ በፎቶ ኮፒ ካርታ ላይ በቀይ መስመር ያሳያል። በ1979 ስቶክሆልም ውስጥ ቦርሳው ተሰረቀ። ማኅተሞቹ ቦርሳው ውስጥ ነበሩ። ፖስትካርዱ በዚያው ቆመ። ሌላ ማኅተም ማስቀረጽ ይችል ነበር። አልፈለገም።

ቴሌግራሙ ምን ይላል?

ለኔ ከሥራው ሁሉ ቅርቤ ይሄ ነው። በ1969 መጨረሻ ፓሪስ ውስጥ ለሚደረግ ኤግዚቢሽን ሦስት ቴሌግራም ላከ። የመጀመሪያው «ራሴን አላጠፋም፣ አትጨነቁ» ይላል። ሁለተኛው «ራሴን አላጠፋም፣ ተጨነቁ»። ሦስተኛው «ልተኛ ነው፣ እርሱት»። ከ1970 ጀምሮ ግን ቃሉ አንድ ሆነ። «አሁንም በሕይወት አለሁ። ኦን ካዋራ።» ይህችኑ ቃል ለወዳጆቹ፣ ለኤግዚቢሽን አዘጋጆች፣ ለሰብሳቢዎች ለሠላሳ ዓመት ያህል ሲልክ ኖረ። ወደ 900 ይጠጋሉ ይባላል።

ፈረንጆቹ ስለዚህ ቃል ብዙ ጽፈዋል። ለአማርኛ ተናጋሪ ግን ያን ያህል ማብራሪያ አያስፈልገውም። «እንዴት ነህ?» ሲባል ምንድን ነው የምንመልሰው? «አለሁ»። ደህና ነኝ አላልንም፣ ተከፍቻለሁም አላልንም። መኖራችንን ነው የተናገርነው። ካዋራ ሳይጠየቅ ሲመልስ የኖረው ይህንኑ ነው።

ደግሞ ቴሌግራም ጉድ አለው። የእጅ ጽሑፍህ የለበትም። ቃልህን የቴሌግራም ቤት ሠራተኛ ይመታዋል፣ ሌላ ሠራተኛ ያደርሰዋል። እጅ እስኪገባ ሰዓታት ያልፋሉ። «አሁንም» የሚለው ቃል ሲደርስ አርጅቷል። ላኪው በመሐል ሞቶ ቢሆንስ? የመርዶ ተቃራኒ ነው፤ ግን እንደ መርዶ ልብ ያስደነግጣል።

በነገራችን ላይ ይህችኑ ቃል በየቀኑ የሚጽፍ የትዊተር አካውንት ነበር። የሱ አልነበረም፤ ሌላ አርቲስት በፕሮግራም ያሠራው ነው። ካዋራ ከሞተ በኋላም መጻፉን ቀጥሎ ነበር።

«አንድ ሚሊዮን ዓመት» የሚባለው መጽሐፍ ነው?

አዎ፣ ግን የሚነበብ ታሪክ የለውም። ዓመቶች ብቻ በተርታ ተተይበውበታል። ያለፈው ክፍል በ1970 እና 71 የተሠራ ሲሆን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ998,031 ተነስቶ 1969 ላይ ያበቃል። አሥር ቅጽ ነው፤ እያንዳንዱ 200 ገጽ፣ አንዱ ገጽ 500 ዓመት። ከክርስቶስ ልደት ወዲህ ያለው ሁሉ፣ አክሱምም ላሊበላም ዓድዋም፣ በመጨረሻዎቹ አራት ገጾች ላይ ነው። መታሰቢያነቱ «ለኖሩትና ለሞቱት ሁሉ» ነው። በኋላ ወደፊት የሚመጣውን ሚሊዮን ዓመት ሠራ። እሱ ደግሞ «ለመጨረሻው ሰው» የተሰጠ ነው።

ከ1993 ጀምሮ በአደባባይ እየተነበበ ነው። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ጎን ለጎን ተቀምጠው በየተራ ያነባሉ። በ2002 ጀርመን ካሰል ከተማ ዶኩሜንታ በሚባለው ትልቅ የዘመናዊ ጥበብ ትርዒት ላይ ለ100 ቀን በመስታወት ክፍል ውስጥ ተነቧል። በ2004 ለንደን ትራፋልጋር አደባባይ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ያለማቋረጥ ተነበበ። መጨረሻው ገና ሩቅ ነው።

ለምን ቃለ መጠይቅ አልሰጠም?

አልሰጠም፣ ምክንያቱንም አልተናገረም። ከ1960ዎቹ አጋማሽ በኋላ ፎቶ አይነሳም፣ የራሱ ኤግዚቢሽን መክፈቻ ላይ አይገኝም፣ ስለ ሥራው አይጽፍም። ካታሎግ ላይ የሕይወት ታሪክ በሚገባበት ቦታ ኤግዚቢሽኑ እስከሚከፈትበት ድረስ የኖረውን ቀን ብዛት ብቻ ያስቀምጣል። ቁጥሩ ከኤግዚቢሽን ኤግዚቢሽን ያድጋል።

ሚስጥራዊ መስሎ ለመታየት ነው የሚሉ አሉ። አይመስለኝም። በየቀኑ ስንት ሰዓት እንደተነሳ፣ ማንን እንዳገኘ፣ በየት መንገድ እንደሄደ መዝግቦ የተወን ሰው ነው። ስንቶቻችን ነን የዛሬ ሣምንት ማክሰኞ የት እንደነበርን የምናውቀው? እሱ ያልነገረን ምን እንደተሰማው ብቻ ነው።

ሠዓሊ ነው ወይስ ኮንሴፕችዋል አርቲስት?

ኮንሴፕችዋል አርት ሲባል ከሚታየው ነገር ይልቅ ሐሳቡ፣ ሕጉ፣ አካሄዱ ሥራው የሆነበት ጥበብ ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብዙዎች ብሩሹን ጥለው በወረቀት፣ በፎቶ፣ በመመሪያ መሥራት ያዙ። ካዋራም ከነሱ ጋር ይቆጠራል፤ በ1970 የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም «መረጃ» ብሎ ባዘጋጀው ታዋቂ ኤግዚቢሽን ላይ ነበረ። ቴሌግራሙና ፖስትካርዱ ከዚያ ወገን ናቸው።

ግን ብሩሹን አልጣለም። ያ ትውልድ «ሥዕል ሞቷል» ሲል እሱ ቤቱ ቁጭ ብሎ አምስተኛውን የግራጫ ንብብር እያደረቀ ነበር። ስለዚህ ሁለቱንም ነው። ምረጥ ካላችሁኝ ሠዓሊ እላለሁ፤ ቅዳሜዬን ከበላብኝ ወዲህ።

ልጆች ክፍል ውስጥ ሥዕል ሰቅሏል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ከጃንዋሪ 1 እስከ 7 ቀን 1997 የተሠሩ ሰባት ሥዕሎችን ይዞ ከ1998 ጀምሮ በተለያዩ አገሮች ወደሚገኙ መዋዕለ ሕፃናት ልኳቸዋል። መጀመሪያ ሲድኒ ነበሩ። ከአራት እስከ ስድስት ዓመት የሆናቸው ልጆች ከሚማሩበት ግድግዳ ላይ፣ ከፊደል ገበታውና ከልጆቹ ሥዕል ጎን ይሰቀላሉ። ልጆቹ ማብራሪያ አይሰጣቸውም። ቀን ምን እንደሆነ ገና የሚማሩ ልጆች ናቸው፤ ትናንትና ነገ የሚምታታባቸው። «ነገ መጥቼ ነበር» የሚል ልጅ ቤቱ ያለው ሰው ይሄ ይገባዋል።

ውድ ናቸው?

በጣም። በጨረታ በሚሊዮን በሚቆጠር ዶላር የተሸጡ አሉ። ቀኑ የታወቀ ሲሆን ዋጋው ይወጣል ይባላል። የሰው ልደት ቀን የሚያድኑ ሰብሳቢዎችም አሉ።

አንድ ብቻ ልይ ብል የትኛውን ልይ?

ከቻላችሁ ሦስት እዩ፤ አብረው ስለሚሰቀሉ። አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ ግሌንስቶን የሚባል ሙዚየም አለ። እዚያ ከትልቁ መጠን የሆኑ ሦስት ሥዕሎች አሉ፤ ጁላይ 16፣ ጁላይ 20 እና ጁላይ 21 ቀን 1969። አፖሎ 11 የተነሳችበት፣ ጨረቃ ላይ ያረፈችበት፣ ከዚያም የማግስቱ። ዓለም ቴሌቪዥን ላይ ተጥዶ እያለ እሱ ያን የሚያህል ሸራ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በፊት ለመጨረስ ሲሯሯጥ ነበር። ኒውዮርክ አካባቢ ከሆናችሁ ደግሞ ዲያ ቢከን የሚባለው ሙዚየም ጥሩ ነው።

ትልቁ ኤግዚቢሽን በ2015 ኒውዮርክ ባለው ጉገንሃይም ሙዚየም የተደረገው «ዝምታ» የተባለው ነበር። ዝግጅቱ ላይ ራሱ ተሳትፏል፤ ሳይከፈት ሞተ። የሕይወት ታሪኩ ቦታ ላይ ያው ቁጥር ገባ። 29,771 ቀን። ከዚህ በኋላ አያድግም።

አንተስ የጀመርከው ሸራ ምን ሆነ?

በሕጉ ከሆነ ማጥፋት ነበረብኝ። ሦስት ቀን ግድግዳው ጋ ተደግፎ ቆየ፤ «ታኅሣሥ 1» እያለ፣ ታኅሣሥ 15 ላይ። ከዚያ በላዩ ላይ ነጭ ቀባሁበት። በደንብ አልሸፈነውም። ጠዋት ፀሐይ ከጎን ሲያርፍበት ያቺ የወፈረችው «ሥ» ብቻዋን ትታያለች።